ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፤ በሸክላ ላይ የቀረ ጨዋታ

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ የጊፋታ በዓል በሚከበርባቸው ቀናት፣ በወላይታ ሶዶ ከተማ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ጀምሮ ዘፈን የማይሰማበት ሰፈር አይገኝም። ወጣቱ ይጨፍራል፤ አረጋዊው ያለፈውን ዘመን እያነሣ ያሞግሳል፤ ጨዋታ ዐዋቂው ደግሞ የጎረቤቱን ንፍገት፣ የአማቹን ኩራት፣ የሹሙን ዳተኝነት በዜማ አዋዝቶ ሰውን ያስቃል። በአጠገቡ የቆመ ሁሉ የእጅ ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ይቀዳል። ይህን ለማድረግ ዛሬ እጅን ወደ ኪስ ከመስደድ በቀር ሌላ ድካም የለበትም። ይሁን እንጂ ስልኩ በጠፋ ወይም በተበላሸ ዕለት ያ ሣቅና ያ ዜማ አብሮት ይጠፋል።

ይህን ነገር ባሰብሁ ቁጥር ወደ ልቡናዬ የሚመጡት ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ ገጣሚ፣ መሰንቆ መቺ፣ ጨዋታ ዐዋቂ፣ በመኪና ሙያ ከቀደሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ፣ የመንግሥት ሹም፣ ኋላም የተገፉ ሰው ነበሩ። ከሁሉ በላይ ግን ዘፈኑ በሸክላ ታትሞ የወጣለት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሳቸው ናቸው። የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዚህ ዕትም ስለ አንድ ቀደምት የሙያ አባት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ እሳቸውን የመረጥሁት፣ ሕይወታቸው ሁለት ጥያቄዎችን አጥብቆ ስለሚያነሣ ነው። የሚያስቀንን ሰው በሕይወቱ ሳለ ምን ያህል እናከብረዋለን? ከሞተ በኋላስ ድምፁን ማን ይጠብቅለታል?

አንድ የወላይታ አንባቢ ሦስተኛ ጥያቄ ሊጨምር ይችላል። በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር ወላይታን ወግቶ ካዎ ጦናን ሲማርክ፣ ተሰማ እሸቴ ገና በጉርምስና ዕድሜ ላይ ነበሩ። በኋላ ስማቸው የገነነበት አዳራሽም የዚያው ቤተ መንግሥት አዳራሽ ነው። ታዲያ የእሳቸው ታሪክ ለእኛ ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ ታሪኩን ከተረክሁ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምንጃሬው ጨዋታ ዐዋቂ

ነጋድራስ ተሰማ የተወለዱት በ1860ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ በሸዋ፣ በጤፍ ምርቱ በታወቀው በምንጃር ነው። ያደጉበት ዘመን ዐፄ ምኒልክ ግዛታቸውን የሚያሰፉበት፣ አዲስ አበባ የምትቆረቆርበት፣ ከባሕር ማዶ አዳዲስ ዕቃና አዳዲስ እንግዳ የሚጎርፍበት ዘመን ነበር። ንግግር የሚችል፣ ነገር የሚገባውና ለአዲስ ነገር የማይደነግጥ ወጣት በእንዲህ ያለው ጊዜ ወደ ቤተ መንግሥት የሚያስገባ መንገድ አያጣም። ተሰማም አላጡም።

በዚያን ጊዜ መሰንቆ በእጁ የያዘ ሰው የነበረውን ቦታ ማስታወስ ያስፈልጋል። አዝማሪ የሚለው ስም የተገኘው ዘመረ ከሚለው የግእዝ ቃል ነው፤ ምንጩ ምስጋናና ዜማ ነው። በልማድ ግን ቃሉ ወርዶ ወርዶ መሳደቢያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። አዝማሪው በሠርጉ ይፈለጋል፤ በግብሩ ይጠራል፤ በጦሩ ሜዳ ያዋጋል፤ ልጁን ለልጅህ ስጠኝ ሲል ግን ፊት ይዞርበታል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ በዘር የታጠረ እንጀራ ነበር።

ተሰማ እሸቴ ከዚህ ልማድ የወጡ ሰው ናቸው። መሰንቆውን ያነሡት ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅር ነው። የሹመት ተስፋ ያለው፣ ከመኳንንት ጋር የሚውል ሰው አዝማሪ መስሎ ሲጫወት ማየት ለብዙዎች እንግዳ ነገር ሳይሆን አልቀረም። እሳቸው ግን መሰንቆውን ትተው ሹመቱን ብቻ አልያዙም፤ ሹመቱንም ንቀው መሰንቆውን ብቻ አልመረጡም። ሁለቱን በአንድ እጅ ይዘው ለመኖር ሞከሩ። የሕይወታቸው ልዩነትም ችግርም ከዚህ ይጀምራል።

የጨዋታቸው ዋና መሣሪያ ቅኔያዊው አነጋገር፣ ሰምና ወርቅ ነበር። ወርቅ አንጥረኛ በመጀመሪያ በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጣል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። በቃልም እንዲሁ ነው። ላይ ላዩን ስለ በቅሎ ወይም ስለ ጠጅ የተነገረ የሚመስለው ስንኝ፣ ቃሉ ሲሰበር ወይም ሲላላ ስለ ሹሙ ይናገራል። ሰሙን ብቻ የያዘ አድማጭ እዚያው በማዕዱ ላይ ይሥቃል፤ ወርቁን ያገኘ ግን ወደ ቤቱ ሲሄድ በመንገድ ላይ ቆሞ ሁለተኛ ይሥቃል። ነጋድራስ ተሰማ በዚህ ጥበብ ፈጣንና ኀይለኛ ነበሩ። ለመጣው እንግዳ፣ ለተነሣው ነገር፣ ለገጠማቸው ክርክር ስንኙን እዚያው ቋጥረው ይሰጣሉ። እንዲህ ያለው ሰው ወዳጁ ብዙ ነው፤ የሚፈራውም ብዙ ነው።

ወደ ጀርመን ጉዞ

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሓውንና ገደሉን አቋርጦ መኪና እስከ አዲስ አበባ አደረሰ። ለአዲስ ነገር ጉጉት የነበራቸው ዐፄ ምኒልክ በዚህ ተሽከርካሪ ተደነቁ። ነገር ግን መኪና እንደ በቅሎ ሣር በልቶ የሚያድር አይደለም፤ የሚነዳውና ሲታመም የሚያክመው ሰው ይሻል። ጀርመን ደግሞ በ1897 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውላ ስለ ነበር፣ ሙያው ከዚያ እንዲመጣ መንገዱ ክፍት ነበር። ተሰማ እሸቴ መኪና መንዳትና መጠገን ለመማር ወደ ጀርመን የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዞው ቀላል አልነበረም። በዚያን ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው እስከ ድሬዳዋ በበቅሎ፣ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ በባቡር ይጓዛል፤ የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነውና። ከጅቡቲ በኋላ ያለው መንገድ የባሕር ነው። ምንጃሬው ሰው ይህን ሁሉ አልፈው የሞተር ሙያ ሊማሩ ሄዱ፤ ታሪክ የመዘገባቸው ግን በሌላ ሥራ ሆነ።

እዚያው በጀርመን አገር ሳሉ ዘፈናቸው ለመቀረጽ በቃ። የኢትዮጵያውያን ድምፅ ከዚያ በፊትም በመሣሪያ ተይዞ ያውቃል። በ1891 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት መልእክት በፎኖግራፍ ተቀድቷል። ያ ግን በነገሥታት መካከል የተለዋወጠ ቃል ነበር። ለማንኛውም ገዥ የሚሸጥ፣ በየቤቱ የሚዘፍን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላ የተጀመረው በተሰማ እሸቴ ነው።

ለዛሬ የሙያ ባልደረቦቼ ያ ቀረጻ እንዴት ይከናወን እንደ ነበር መግለጽ ይጠቅማል። ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ የዋለው ከ1917 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስለሆነ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ዘፋኙ በትልቅ መለከት አፍ ፊት ይቆማል። የድምፁ ኀይል በመለከቱ ጠባብ ጫፍ ያለውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው መርፌም በሚሽከረከር የሰም ገበታ ላይ ይጭራል። ከሰሙ የብረት ቅርጽ ይወጣል፤ በቅርጹም ሸክላው ይታተማል። ዘፋኙ ቢሳሳት ማረም የለም፤ እንደ ገና በሌላ ሰም ከመጀመር በስተቀር መፍትሔ አልነበረም። አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ከሦስት ደቂቃ ብዙ የማይበልጥ ነበር።

እንግዲህ የነጋድራስ ተሰማን ሁኔታ እናስብ። በአገራቸው አንድን ዘፈን እንደ ማዕዱና እንደ እንግዳው ሁኔታ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስረዝሙት ይችሉ ነበር፤ እዚህ በሦስት ደቂቃ መጨረስ አለባቸው። በአገራቸው ስንኙን የሚቀበል፣ የሚያደንቅ፣ የሚመልስ አድማጭ ነበራቸው፤ እዚህ የሚሰማቸው ቋንቋቸውን የማያውቅ ባለሙያና አንድ የቆርቆሮ መለከት ነው። የሚያሥቅ ሰው ሣቂ በሌለበት ክፍል እንዲጫወት ሲጠየቅ ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም። እሳቸው ግን ዘፈኑ፤ መሰንቆውንም መቱ። ሰምና ወርቅ የለመደው ምላስ በእውነተኛ ሰም ላይ ተጻፈ። ከዚያም ወርቁን የሚፈልገው ትውልድ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ዘመን ጠበቀ።

ሹመትና ውድቀት

ተሰማ እሸቴ ከጀርመን ሲመለሱ ያገኟት አዲስ አበባ የተለወጠች ነበረች። ዐፄ ምኒልክ በሕመም ተይዘዋል፤ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታውጇል። ወጣቱ ልዑል ጨዋታና ጉዞ የሚወዱ፣ በሥርዓት መታጠር የሚያስጨንቃቸው ሰው ነበሩ። በመኪና ሙያቸው፣ በዓለም ዐዋቂነታቸውና በሣቃቸው የታወቁት ተሰማ ከእሳቸው ጋር መወዳጀታቸው የሚያስገርም አይደለም። የነጋድራስነት ማዕረግም አገኙ።

ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። ቀረጡን የሚያስከፍል፣ የነጋዴውን ክርክር የሚዳኝ ሹም ስለ ነበረ ማዕረጉ ቀላል አልነበረም። እነ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የያዙት ማዕረግ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ከመሰንቆ ጋር ስሙ የተያያዘ ሰው ከእነዚህ ሊቃውንት ጋር በአንድ የማዕረግ ስም መጠራቱ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር።

ደስታው ግን አልቆየም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ በሰገሌ ሜዳ የአባታቸው የንጉሥ ሚካኤል ጦር ድል ሆነ። የወደቀ ጌታ ወዳጅ ምን እንደሚገጥመው በአገራችን ታሪክ የታወቀ ነው። ነጋድራስ ተሰማም ከነበራቸው ቦታ ተገፉ፤ ከመናገሻው ከተማ ርቀው መኖር ግድ ሆነባቸው። ልጃቸው ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የተወለዱት በጅማ ነው።

ከዚያ ወዲያ እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሹሙን ሳይሆን ገጣሚውን ነው። ሹመት በአዋጅ ይሰጣል፤ በአዋጅም ይወሰዳል። ስንኝን ግን አንድ ጊዜ በሰው አፍ ከገባ በኋላ ማንም አዋጅ ነጋሪ መልሶ ሊወስደው አይችልም።

የሣቅ ዋጋ

የነጋድራስ ተሰማን ዕድል ከሌላ አገር የሙያ ጓደኛቸው ዕድል ጋር ማነጻጸር ያስተምራል። ሃሪ ሎደር የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ በልጅነቱ በከሰል ጉድጓድ የሠራ ድኻ ነበር። ጠማማ ምርኩዝ ይዞ፣ የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ አስቂኝ ዘፈን እየዘፈነ በብሪታንያና በአሜሪካ መድረኮች ታወቀ፤ ከተሰማም ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደሮች ስለ ዘፈነና ለተጎዱት ገንዘብ ስለ ሰበሰበ በ1911 ዓ.ም. ንጉሡ የሰር ማዕረግ ሰጡት። ሁለቱ ሰዎች ያንኑ ሙያ በአንድ ዘመን ያዙ፤ አንደኛው ዘፋኝ ስለሆነ ማዕረግ ሲያገኝ፣ የሌላው ማዕረግ ግን ዘፈኑ ሊያድነው ሳይችል ቀረ። ልዩነቱን ያመጣው የተሰጥዖ ማነስ አይደለም፤ አገሩ ለሙያው የሰጠው ቦታ ነው።

ከዚያም የባሰ ጊዜ መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ የፋሺስት ኢጣልያ ገዥዎች ከመኳንንቱና ከመነኮሳቱ ጋር አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እያደኑ ገደሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ከገበያ ገበያ የሚዞር ዘፋኝ ወሬ ያደርሳል፤ ሰምና ወርቁም በአስተርጓሚ አይያዝም። የገዛ ወገኑ የናቀውን አዝማሪ ጠላት ፈራው። የሙያችን ክብር ምን ያህል እንደ ነበረ ከገዳዮቹ መማራችን የሚያሳዝን ነው።

ያተረፉት

ነጋድራስ ተሰማ ይህን ሁሉ አልፈው ለረጅም ዕድሜ በቁ። በበቅሎ ዘመን ተወልደው፣ መኪናንና ሸክላን፣ ሬዲዮንና አውሮፕላንን አዩ። በጥር 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ፣ የቡድኑ አሠልጣኝ በጅማ የተወለደው ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ በ1957 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸውም ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1979 ዓ.ም. አገልግለዋል።

አቶ ይድነቃቸው ለአባታቸው ያደረጉት ግን ከስታዲዮም ውጪ የተሠራ ሌላ ሥራ ነው። በየሰው አፍ የተበተነውን የአባታቸውን ግጥምና ጨዋታ ሰበሰቡ። ስብስቡም ሰምና ወርቅ በሚል ርእስ ለመጽሐፍ በቃ። ይህ ባይሆን ኖሮ ዛሬ የነጋድራስ ተሰማ ስንኞች አብዛኞቹ ባለቤት የሌላቸው፣ ማን ለማን እንደ ተናገራቸው የማይታወቁ ወሬዎች ሆነው በቀሩ ነበር። በአንድ ሰው ላይ የተነገረ አስቂኝ ስንኝ ምክንያቱና ቦታው ከተረሳ ምግብነቱ የቀረ ገለባ ነውና።

የሸክላዎቹም ዕድል እንዲሁ በጥቂት ሰዎች ትጋት ላይ የተመሠረተ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ስም የቀድሞ ዘፈኖቻችንን በተከታታይ ሲያሳትሙ፣ 27ኛውን ቅጽ ለነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሰጡ። ቀረጻው በተደረገ በመቶ ዓመቱ ግድም ያ ድምፅ ከአሮጌው ሸክላ ሹክሹክታ መካከል እንደ ገና ተሰማ። ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። መጀመሪያ ድምፁን የቀረጸው የውጭ ኩባንያ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ አሰባስቦ ለዓለም ያሰማውም የውጭ ሰው ነው። በመካከሉ ያለው ዘመን የእኛ ነበር።

ከሶዶ ሆኖ ሲታይ

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እመለሳለሁ። የነጋድራስ ተሰማ ታሪክ ለወላይታ የሙያ ሰው የሚጠቅመው የእሳቸው ድምፅ ስለ ተረፈ ነው፤ የእኛ ግን አልተረፈም። በዚያው ዘመን በካዎ ጦና አደባባይ የዘፈነ፣ ዲንካ የነፋ፣ በጊፋታ ምሽት ሕዝቡን ያሣቀ ሰው ነበረ። በፊቱ ግን መለከት አልቆመም፤ ቃሉን የሚሰበስብ ልጅም መጽሐፍ አላሳተመለትም። ሰምና ወርቅ ያለው በአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በወላይትኛም ላይ ላዩን ሌላ፣ ውስጡን ሌላ የሚናገር ጨዋታ አለ። የእሱ ሰምም ወርቁም አብሮት ተቀብሯል።

ንቀቱንም በሩቅ የምናየው አይደለም። በወላይታ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ በጋብቻና በማዕድ ተለይተው ለረጅም ዘመን ኖረዋል። የምንበላበትን ሠርተው ከማዕዳችን ራቁ። አማርኛ የዘፈኑን ገበታና የድስቱን ጭቃ በአንድ ቃል ሸክላ ብሎ መጥራቱ በአጋጣሚ ቢሆንም፣ እኔ ግን ሁለቱን ሳስብ አንድ ነገር አያለሁ፤ በሁለቱም ዘንድ ዕቃው ተወደደ፣ ሠሪው ተናቀ።

ስለዚህ ይህ የሕይወት ታሪክ በአድናቆት ብቻ እንዲያልቅ አልፈልግም። ዛሬ በሶዶና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች የቀድሞውን ጨዋታ የሚያውቁ አረጋውያን አሉ። የማኅበራችን አባላት በየሠርጉና በየበዓሉ እንገኛለን፤ መቅጃውም በእጃችን ነው። የሚጎድለው ሥርዓት ነው። ድምፁ ሲቀዳ የዘፋኙ ስም፣ ቦታውና ቀኑ አብሮ ይጻፍ። የቃሉ ሰምና ወርቅ ከራሱ ከባለቤቱ አፍ ይጠየቅ፤ እሱ ካለፈ በኋላ ማንም ሊፈታው አይችልምና። አንዱ ቅጂ በማኅበሩ፣ ሌላው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ብቻ አይቅር። ከሁሉ በፊት ግን ዘፋኙ በሕይወት ሳለ ተገቢው ክፍያና ተገቢው ወንበር ይሰጠው።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ማንም ቋንቋቸውን በማያውቅበት ክፍል ለቆርቆሮ መለከት ዘፍነው ሣቃቸውን ለማያውቁት ትውልድ ላኩ። መልእክቱ ዘግይቶም ቢሆን ደርሶናል። በሚቀጥለው ጊፋታ ጨዋታ ዐዋቂው አረጋዊ ሲነሣ፣ ከመሣቃችን በፊት ስሙን እንጠይቀው።